የጫማው ጭቃ

ማኅደረማርያም ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ መሸፈን የጀመረችው እናቷ ከሞቱ ወዲህ ነው። ድሮማ ሳቋ ከጎረቤላ ገበያ ማዶ ይሰማ ነበር። ቃለ አብም የወደዳት በሱ ነው።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ፈተናዋን በምትወስድበት ሳምንት እናቷ አንኮበር ላይ አረፉ። አባቷ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትሰማ ብለው አዘዙ። የአገሩ ወግ ነው፤ መርዶ ጊዜ ይጠበቅለታል። አደራው የወደቀው ግን ሽማግሌ ልኮ እሺ በተባለው በቃለ አብ ላይ ነበር። እሱም እዚያው ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ይሠራል። ያን ሳምንት በየምሽቱ ሻይ ቤት አብሯት ተቀመጠ፤ እሷም እንደ ልማዷ ሳቀች።

ፈተናው ባለቀ ማግስት ዘመዶቿ በማለዳ በሯን አንኳኩ።

ኀዘኑ በረድ ሲል ቀለበቱን መለሰችለት። «እናቴ አፈር ስትለብስ አንተ ከኔ ጋር ትስቅ ነበር» አለችው። አንገቱን ደፍቶ ቀለበቱን ተቀበላት። እንዲህ ያለ ዝምተኛ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያናድዳል።

ዓመታት አለፉ። ማኅደር እዚያው ደብረ ብርሃን አስተማሪ ሆነች። ተማሪዎቿ ሲያስቋት የሆነ ነገር የተደበቃት ይመስላትና ደረቷን ይጫናታል። ወጥታ ወደ አንኮበር ትደውላለች፤ አባቷ ደህና ናቸው። ውሎ አድሮ እንቅልፍም ከዳት። ጠበል ተጠመቀች። መሪጌታ ራሳቸው «ባለሙያም የእግዜር ነው» ስላሏት፣ የሥነ ልቦና አማካሪዋ ወይዘሮ አልታየች ዘንድ ሄደች።

ምክር ይሉታል እንጂ ምክር የለበትም። ወይዘሮ አልታየች ይጠይቃሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ዝም ይላሉ። ማኅደር መጀመሪያ «ለዚህ ነው የመጣሁት?» ብላ ነበር። እየቆየች ግን በለቅሶው ቤት ያልወጣላትን እንባ እዚያ ወንበር ላይ አነባችው፤ እንቅልፏም ቀስ በቀስ ተመለሰ። አንድ ቀን ሴትዮዋ ማንም ጠይቋት የማያውቀውን ጠየቋት።

«ያን ሳምንት እሱስ እንዴት ነበር?»

«ይስቅ...» ብላ ጀመረችና አቆመች።

አልሳቀም። የምትስቀው እሷ ብቻ ነበረች። እሱ ሻዩ ከፊቱ እንደተቀመጠ ይቀዘቅዝበት ነበር። አንድ ምሽት እንዲያውም ጫማው በጭቃ ተለውሶ ሲመጣ «አንተ ባላገር» ብላ እየሳቀች በገዛ እጇ አራገፈችለት። ያኔ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ያን ሰሞን ዝናብ ጠብ አላለም ነበር።

በማግስቱ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቀችው። ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ሰላም እንኳ ሳትለው፣

«ያ ጭቃ የየት ነበር?» አለችው።

ትክ ብሎ አያት። የትኛው ጭቃ አላላትም።

«የእናትሽ መቃብር አፈር ነው። ከቀብር መምጣቴ ነበር።»

«ታዲያ ቀለበቱን ስመልስልህ ለምን አልነገርከኝም?»

«በአንድ ሰው መናደድ ነበረብሽ። በአባትሽ ከምትናደጂ በኔ ይሁን ብዬ ነው።»

ማኅደር መዳፎቿን አየች። እናቴን በነዚህ እጆች አፈር ሳላለብሳት ቀረሁ ብላ ስትብሰለሰል ኖራለች። እጆቿ ግን ያን አፈር ነክተውት ነበር። እንባዋ መጣ፤ ከእንባው ሥር ደግሞ ናፍቆት። ለካስ ቃለ አብን እንዲህ ናፍቃዋለች።

ክረምቱ ሲገባ አብረው አንኮበር ሄደው መቃብሩን ተሳለሙ። ቤት ሲደርሱ ቃለ አብ እንደገና ሽማግሌ መላክ ይገባ እንደሆነ በአክብሮት ጠየቀ። መሪጌታ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ጫማው እንደ ድሮው ጭቃ በጭቃ ነው።

«ቀለበቱን የመለሰች እሷ ናት» አሉ። «እኔ እሺታዬን አልመለስኩም።»

ማኅደር ሳቀች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ነበር።