ባለ ሁለት አንጎሉ ማዘርቦርድ

ወንዳወቅ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው ዘነዘና እግሩ ሥር ወድቋል፤ ከፊቱ አዲስ የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ከካርቶኑ ወጥቶ ተቀምጧል። ቡሬ ላይ ሰው የገደለም ቢሆን ለቅሶ አይቀርም፤ ከቀረማ ታወቀበት።

ኢንስፔክተር አቻምየለሽ ከፍኖተ ሰላም ስትደርስ የሟቹ ታላቅ ወንድም አለበል ጠመንጃውን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«ገዳዩ ክንፈሚካኤል ነው» አላት። «ሣልስቱ ይውጣ እንጂ አያመልጠኝም።»

«ምን አይተህ?»

«በዚህ ቆርቆሮ ሲጨቃጨቁ ነው የከረሙት።»

«ምን የሚሠራ ቆርቆሮ ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ። መብራት የሚበላ ቆርቆሮ።»

አቻምየለሽ ቤቱን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ካርቶኑን ያመጣውን የአውቶቡስ ረዳት ፈልጋ ጠየቀችው። እንደታሸገ፣ በሞተበት ዕለት ለወንዳወቅ በእጁ ሰጥቶታል።

የሟቹ ሸሪክ ክንፈሚካኤል አልሸሸም።

«ሰርቨር ልንሠራ ነበር» አላት። «ቀን ከሌት የማይጠፋ ኮምፒውተር። የቅኔ መምህራኑን ድምፅ እዚያ እናስቀምጣለን፤ ተማሪው ካለበት ሆኖ ይሰማል።»

«ጠቡስ?»

«እኔ ማዘርቦርዱ ሁለት ፕሮሰሰር የሚይዝ ይሁን አልሁ፤ ሰው ሲበዛበት እንዳይንገዳገድ። እሱ ‹ሁለት አንጎል መብራት ይጨርሳል፣ አንድ ይበቃል› ብሎ በሰው ፊት ማለ። ፕሮሰሰሩን አንጎል ነው የሚለው፣ ለሰፈሩ ሲያስረዳ።»

«ታዲያ የቱን ገዛ?»

«ባለ አንዱን ነዋ። ግትር ነው… ነበር።»

አቻምየለሽ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው ማዘርቦርድ ሁለት የፕሮሰሰር መቀመጫ እንዳለው አይታለች።

በቀብሩ ላይ ጎረቤቲቱ ሥርጉት ነጠላዋን አደግድጋ መሐል ገባች። ሙሾ በማውረድ የሚስተካከላት የለም፤ እሷም ታውቀዋለች።

«ባለ ሁለት አንጎል ከሸገር አስመጥቶ፣
አንዱም ሳይነሣለት እሱ ቀረ ተኝቶ።»

ሕዝቡ ተንጫጫ። አቻምየለሽ ግን ግጥሙን በልቧ ደገመችው።

በሣልስቱ ሁሉም ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። አለበል ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ክንፈሚካኤልን ይመለከታል። አቻምየለሽ ማዘርቦርዱን ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ክንፈሚካኤል፣ መቀመጫውን ቁጠረው።»

ቆጠረው። «ሁለት» አለ። «የኔን ሐሳብ ነው የገዛው።»

«አንተ አላወቅህም። አለበል አይቶታል፣ ግን ቆርቆሮ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። እትዬ ሥርጉት፣ ሁለት መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«ሰው ሁሉ የሚያወራውን ነው።»

«ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነው ብሎ ነው። ካርቶኑ እንደታሸገ መጣ፤ ሲከፈት አጠገቡ የነበረ ሰው ብቻ ነው ሁለት ብሎ ሙሾ የሚገጥም። ሙሾው ባያምርልዎት ኖሮ አላገኝዎትም ነበር።»

ሥርጉት ነጠላዋን አስተካከለች። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም።

«የወንዳወቅ አባት ጥይት ወንድሜን በላው። ወንዶቹ ተሰብስበው ታረቁ፣ በሬ አርደው በሉ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ካርቶኑ የመጣ ዕለት ወንዳወቅ ‹ለክንፈ ማስደነቂያ ነው፣ እንዳይነግሩብኝ› ብሎ እየሳቀ አሳየኝ። ሳቁ የአባቱ ሳቅ ነው። ዘነዘናውን ልዋስ ነበር የመጣሁ፤ እጄ ላይ ነበር።»

አለበል ጠመንጃውን አቀባብሎ ተነሣ። አቻምየለሽ አፈሙዙ ፊት ቆመች።

«ተኩስ» አለች ሥርጉት ከኋላዋ። «ልጄ ነገ ይጠይቅሃል።»

አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ። «ልጆቼ፣ እርቅ…»

«ይቀመጡ አባ» አለ አለበል። «እርቃችሁን በልተን አየነው።» ግን አፈሙዙ ወደ መሬት ወረደ።

ፖሊሶቹ ሥርጉትን ይዘው ሲወጡ ክንፈሚካኤል አለበልን ተጠጋው።

«እኔን ልትገድል ነበር።»

«ነበር» አለ አለበል። ይቅርታ አላለውም። ዓይኑ ገና ከሥርጉት ጀርባ አልተነሣም።