ገንዳው የመሰከረበት ሰው

መርማሪዋ ስትደርስ ጡረተኛው መሐንዲስ ከምሳ በኋላ ጋደም ካለበት ወንበር አልተነሣም ነበር። ሰውነቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። የጠባቧን ክፍል ግማሽ የያዘው፣ ዓሦችና ኮራል የሚባሉት የባሕር ፍጥረታት የሚኖሩበት ገንዳ ከፊቱ ያጉረመርማል። ሌላ ቀን እንደ አበባ የሚፈኩት ኮራሎች ተኮማትረዋል። ዓሦቹም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

የሟች ታናሽ ወንድም ቀኝ እጁን በመሐረብ ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምኑ ይመረመራል?» አለ። «ጠዋት ልጅቷ ውሃው ውስጥ ዱቄት ጨመረች። ከሌላ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ መርዛም ጋዝ አወጣ። በቃ፣ አባቷን ቀጠፈችው።»

«ሶዳ ነው» አለች ልጅቷ እያለቀሰች። «አባዬ መዝኖ የሰጠኝን ነው የጨመርኩት። ግን ተሳስቼ ቢሆንስ? እኔ ብሆንስ የገደልኩት?»

እናቷ የመርማሪዋን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። «ባሌን ዛሬ አጣሁ። ልጄን ደግሞ በቁሟ አልቀብርም። እባክዎ፣ አይውሰዱብኝ!»

«እናቴ፣ ይቆዩ፣ ልጠይቅ። አስከሬኑን ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ» አለ ወንድምየው። «በሩን ስከፍት መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ወንድሜን አቅፌ ስንሰቀሰቅ ቆየሁ። ከዚያ ጮህኩ።»

«እጅዎንስ ምን ነካው?»

«ማንቆርቆሪያ አቃጠለኝ።»

መርማሪዋ ልጅቷን ወደ ጓዳ ወሰደቻት። «ጩኸቱን ሰምተሽ ስትገቢ ምን ሸተተሽ?»

«ምንም አልሸተተኝም። ነፋሱ መጋረጃውን እያውለበለበ ፊቴን መታኝ።»

እናትየው ከኋላ ተከትላ ገብታለች። «ትናንት ወንድማማቾቹ ተጨቃጭቀው ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ባሌ ‹ራስህ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ› ሲለው ሰማሁ። ምኑን እንደሆነ ብጠይቀው ዝም አለኝ።»

ገንዳውን የሚንከባከበው ባለሙያ ተጠርቶ መጣ፤ ቤተሰቡ «የዓሣ ሐኪም» ይለዋል። መርማሪዋ ውሃውን እንዲመረምር አዘዘችው።

ወንድምየው ሳቀ። «ሰው ሞቶ እሷ ገንዳ ትጎረጉራለች! ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰሙም?»

«ዘንዶውን ነው የምፈልገው» አለች።

ባለሙያው ብርጭቆ ውሃ ቀድቶ የመመርመሪያ ጠብታ ጨመረበት። ሰማያዊ መሆን የነበረበት ውሃ ቢጫ ሆነ። «አሲድ ሆኗል» አለ ደንግጦ። ሌላ ብርጭቆ ቀድቶ ሌላ ጠብታ ሞከረ፤ አሁን ግን ግንባሩን ቋጠረ። «ይሄ ደግሞ ልክ ነው። አሲድ የሚመክተው ጨው አልጎደለም፣ አልበዛምም።»

መርማሪዋ አንገቷን ነቀነቀች። ኮሪደሩ ላይ ወደቆመው የጋዝ ሲሊንደር ሄዳ ጠቋሚውን አየች። ባዶ ነው።

«እንዴት ይሆናል?» አለ ባለሙያው። «ትናንት ሙሉውን ነው የቀየርኩት፣ ለወራት ይበቃል! ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በዚች ቱቦ ግድግዳውን አልፎ ወደ ገንዳው ማሽን ገብቶ ኮራሎቹን የሚመግበውን ድንጋይ ያሟሟል።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። በእጇ አንድ ብርጭቆ የገንዳ ውሃ ይዛለች።

«ልጅቷ ሶዳውን ብታበዛው ኖሮ መካቹ ጨው በበዛ ነበር። ሌላ ሰው አሲድ ቢያፈስበት ደግሞ በጎደለ ነበር። ጨው ሳይነካ ውሃን አሲድ የሚያደርግ ምን ይቀረናል?»

«አየሩ» አለ ባለሙያው በለሆሳስ።

«አዎ። ክፍሉ በዚያ ጋዝ ተሞልቶ ነበር። ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው አያውቀውም። ውሃው ግን ጋዙን ጠጥቶ አሲድ ሆነ።» መስኮቱ አጠገብ ቆማ ውሃውን ከብርጭቆ ብርጭቆ ደጋግማ ገለበጠችው። ንጹሕ አየር ሲነካው ጋዙ ወጣ። ባለሙያው ጠብታውን ጨመረበት፤ ውሃው ሰማያዊ ሆነ።

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች።

«ገዳዩ ቱቦውን ከማሽኑ ነቅሎ፣ በሩን ዘግቶ፣ ከኮሪደሩ ሲሊንደሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው። በኋላ ግን ትንፋሹን ይዞ ገብቶ መስኮቱን መክፈት ግድ ሆነበት፤ አለዚያ ውስጥ ቆይቶ ቱቦውን መመለስ አይችልም። ልጅቷ ስትገባ ነፋሱ መጋረጃውን ያውለበልብ ነበር፤ እርስዎ ግን መስኮቱ ተዘግቶ ነበር አሉኝ። በዚያ አየር ውስጥ አቅፈው አልቅሰው ቢሆን ኖሮ ሁለት አስከሬን ባገኘን ነበር።»

«እኔ አልነካሁትም!» አለ ወንድምየው።

«እንደዚያ በኃይል የተለቀቀ ጋዝ ብረቱን በረዶ ያደርገዋል። የዓሣ ሐኪሙ ይህን ስለሚያውቅ ያለ ጓንት አይነካውም። የማያውቅ ሰው ግን በባዶ እጁ ይዘጋዋል፤ ብርዱም እንደ እሳት ያቃጥለዋል። መሐረቡን ይፍቱት።»

አልፈታም። እናትየው ተነሥታ ራሷ ጎትታ ፈታችው። መዳፉ ላይ የሲሊንደሩ መክፈቻ ጥርሶች ነጭ ሆነው ታትመዋል።

«ዋርሳዬ» አለች፤ «የትኛው ማንቆርቆሪያ ነው ጥርስ ያለው?»

እጁን ከእጇ መነጨቀ። «በመኪና ሰው ገጭቼ አመለጥኩ። ‹እጅህን ስጥ› አለኝ። ወንድሙ ነኝ እኮ! ለወንድሙ አይራራም?»

«ራርቶልሃል፤ ራስህ እንድትናገር ጠብቆሃል» አለች እናትየው።

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ልጅቷ መርማሪዋን ቀና ብላ አየቻት። «እኔ አይደለሁም?»

«አይደለሽም። ሶዳሽ ልክ ነበር።»

ልጅቷ ተነሥታ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባች፤ ወንበሩ ሥር ተንበርክካ የአባቷን እጅ ያዘች። እስከዚያች ሰዓት ስታለቅስ የቆየችው ከፍርሃት ነበር። አሁን ለአባቷ አለቀሰች።