መሃሉ ያልተቀደደ ካባ

በዚያ ግንቦት የፖርቱጋሏ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ኮይምብራ ውስጥ ተመራቂ የሆነ ሁሉ እብድ ብጤ ሆኖ ነበር። ከቤተ መጻሕፍት ካልተባረረ የማይወጣው ሁሉ፣ ሞንዴጎ ወንዝ ዳር ሣር ላይ ተጋድሞ ደመና ሲያይ ይውላል።

ዮላንዳና ጓደኞቿም ሕግ አወጡ። ከምርቃት በኋላ ስለሚመጣው ነገር ትንፍሽ ያለ ሰው፣ ያለበት ቦታ ቆሞ ይዘፍናል። ሕጉን ያመጣችው ዙልሚራ ናት፤ ከዮላንዳ ጋር አንድ ክፍል የምትኖር፣ አፏ የማያርፍ ልጅ። «የቀረችንን ጊዜ በለቅሶ አናባክናትም!» አለች። እናም እስከዚያ ያላደረጉትን ሁሉ አደረጉ። ጀልባ ተከራይተው ወንዙ መሃል በመቅዘፊያው ተጣሉ። ሰርዲን ጥብስ እስኪያንገሸግሻቸው በሉ።

ለዮላንዳ ግን ሕጉ ልጓም ሆነባት። ዱዋርቴን «ከዚህ ስንወጣ እኔና አንተ ምንድን ነን?» ብላ መጠየቅ ትፈልጋለች፤ ይህ ደግሞ ክልክል ነው።

ዱዋርቴ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሃል ያለችው የፒኮ ደሴት ልጅ ነው፣ የሕግ ተማሪ። አንደኛ ዓመት ላይ ደረጃ ስትወርድ የተማሪ ካባዋን ረግጦ ሊጥላት ነበር። እሷም የአፏን ያህል ሰደበችው፣ እሱም ሰምቶ ሲጨርስ ቡና ጋበዛት። ከዚያ ወዲህ ተለያይተው አያውቁም። ስለ ፍቅር ግን አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም። እየተያዩ ዝም ማለት ለመዱና በዚያው ቀሩ።

ካባ የመቅደጃው ቀን ደረሰ። ተመራቂ ጥቁር ካባውን ለሚወዱት ሰዎች ያቀርባል፤ እነሱም ጫፉን በጥርስ ጀምረው በእጅ ይተረትሩታል። ግራው የቤተሰብ፣ ቀኙ የጓደኛ ነው። ከኋላ ያለው መሃሉ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው፣ የፍቅረኛ። ፍቅሩ የፈረሰ እንደሆነ ያ መሃል ይሰፋል።

የዮላንዳ እናት ከጉዋርዳ ከተማ ድረስ መጥተው ግራውን እያለቀሱ ቀደዱ። ጓደኞቿ በቀኝ በኩል ተራ ያዙ። በመጨረሻ ዱዋርቴ ቀረ።

ዮላንዳ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ሲንበረከክ ተሰማት። ጨርቁም ተቀደደ። በቀኝ በኩል ነበር።

«አይ የደሴት ሰው!» አለች ዙልሚራ። «መሃልና ዳር እንኳ አይለይም!»

ሰው ሳቀ። ዮላንዳም አብራ ሳቀች፤ ፊቷ ግን በእፍረት ነዷል።

ከዚያ በኋላ ሸሸችው። ከሩቅ ስታየው መንገድ ትቀይራለች። የቀረቻቸውን ጥቂት ጊዜ በኩርፊያ ማባከኗ ደግሞ ይበልጥ አንገበገባት። አንድ ከሰዓት በኋላ አላስችል ሲላት ልትፈልገው ወጣች። ወንዙ ዳር ካባውን እንደ ደረበ ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው።

«ሐምሌ ላይ ትሄዳለህ» አለችው ሳትቀመጥ።

«ሕጉን አፈረስሽ! ልትዘፍኚ ነው።»

«እዘፍናለሁ፣ ግድ የለም። መጀመሪያ ንገረኝ። ለምን በቀኝ ቀደድክ?»

ዱዋርቴ ጠጠር አንሥቶ ውሃው ላይ ወረወረ።

«እናቴ ብቻዋን ናት፣ ዮላንዳ። ጥያት እዚህ ልቀር አልችልም። አንቺን ደግሞ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረሽ ነይ ማለት ድፍረት ነው። መሃሉን ቀድጄ ብሄድ፣ ነገ መርፌ ይዘሽ እያለቀስሽ ስትሰፊው ታየኝ። አሳዘንሽኝ።»

«ማን እዘንልኝ አለህ?»

«እንግዲህ...»

«እንግዲህ የለም! ትወደኛለህ ወይስ አትወደኝም?»

«ይኼ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው? እንዴት አልወድሽም!»

«ይችን ለማለት ነው ይህ ሁሉ ዓመት? በል ተነሥ። ዙር!»

ዞረ። ዮላንዳ ተንበረከከችና የካባውን መሃል በጥርሷ ነክሳ፣ ባላት ኃይል ሳበችው። ጨርቁ እስከ ወገቡ ድረስ ተተረተረ።

«ኧረ ራቁቴን አስቀረሽኝ!»

«ከተጸጸትክ ራስህ ስፋው!» አለችና ፊቷን ደረቱ ውስጥ ቀበረች። ቀልዱ እዚያ ላይ አለቀ፤ ሁለቱም አለቀሱ።

የቀሩትን ቀናት ስታስታውስ ዮላንዳ ዛሬም ዓይኗ እንባ ያቀራል። ምንም የተለየ ነገር አላደረጉም። ከአንድ ሳህን ሾርባ ጠጡ፣ ዳገቱን ያለ ምክንያት ወጡ ወረዱ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሹም በየቀኑ እየሄዱ ተሰናበቱት፤ ሰውየው «አሁንስ ሂዱልኝ!» እስኪላቸው። እንደዚያ ጊዜ ደስ ብሏት፣ እንደዚያ ጊዜም ሆዷ ባብቶ አያውቅም።

ሐምሌ ላይ ዱዋርቴ ሄደ። ነሐሴ እንደ ገባ ጉዋርዳ እናቷ ቤት ስልክ ጮኸ።

«ዮላንዳ፣ ጉድ ሆነናል! እናቴ ሰፋችው!»

«ምኑን?»

«ካባውን! ሻንጣዬን ስትፈታ አየችውና ልጄን ቡትቶ አልብሰው አኖሩት ብላ አለቀሰች። ከዚያ ጥቅጥቅ አድርጋ ሰፋችው፣ መሃሉንም ጭምር። የት ጋ እንደተቀደደ እንኳ አይታይም!»

ዮላንዳ እስኪያማት ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ፈራች። ለኮይምብራ ልጅ የተሰፋ መሃል ያለቀ ፍቅር ነው። በቀልድ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ዛሬ ይህን በቀልድ ካለፈች ግን ነገ ስልኩን፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ እሱን እንደምትተው ታወቃት።

«መጣሁ» አለችው።

«ወዴት?»

«ወዳለህበት ነዋ!»

ፒኮ ወደብ ላይ ዱዋርቴ ከእናቱ ጋር ጠበቃት። ወይዘሮ ኦቲሊያ ጥቁር የለበሱ ቀጭን ሴት ናቸው። ካባውን በሁለት እጃቸው ታቅፈዋል።

«የልጄን ልብስ የቀደድሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ ልማዱን አላውቅም ነበር። ዱዋርቴ ለእናትም ቦታ አለው ይለኛል። እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው። ግራው የእርስዎ ነው።»

ሴትዮዋ ጨርቁን ዳበሱት። ልጃቸው ሲመረቅ ከደሴቱ የሚወጡበት አቅም አልነበራቸውም። ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ጫፉን በጥርሳቸው ነከሱና በግራ በኩል ቀደዱት። እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው ካባውን ለዮላንዳ አቀበሏት።

«በይ፣ ያንቺንም ቅደጂና ወደ ቤታችን እንሂድ።»