የኮሎኔሉ መቀነት

ጡረተኛው ኮሎኔል የክብር ዘቡን ቀይ ኮት ለብሰው፣ መቀነቱን ታጥቀው፣ በሙዚየሙ የልብስ ክፍል መስታወት ፊት ተዘርረው ተገኙ። አጠገባቸው በርጩማ ተገልብጧል። ሁሉም «ልብስ ሲለኩ ተንሸራትተው ነው» ብሎ ሊገላገል ሲል ኢንስፔክተሯ አጎንብሳ ኮሌታውን ገለጥ አደረገችና ነገሩ አልጣማትም። ማጅራታቸው ተፈንክቶ ሸሚዛቸው በደም ርሷል፤ የኮቱ ኮሌታ ግን ጠብታ የለበትም።

«ከሞቱ በኋላ ነው ኮቱን ያለበሷቸው» አለች።

አለቃዋ ወዲያው በሩ ጋ ወደቆሙት የሙዚየሙ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ጠቆመ። «የዚህ ክፍል ቁልፍ በሽማግሌው እጅ ነው። ሰልፉ እስኪጀመር ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ እሳቸውን ይዤ እሄዳለሁ።»

የክብር ዘቡ ሰልፍ ደግሞ ዛሬ ነው። ግቢው በከበሮ ይናወጣል፤ የኢንስፔክተሯም እግር አንድ ቦታ አልረጋ አለ። መስኮቱ ጋ ሄዳ ዘቦቹን አየች፦ ሁሉም የመቀነታቸውን ዘርፍ በግራ ዳሌያቸው ጥለውታል። ተመልሳ ሟቹን አየች፤ የሳቸው በቀኝ ነው።

«አባባ፣ ቁልፉን ማን ያገኘዋል?» አለቻቸው ልብስ ሰፊውን።

«ሚስማር ላይ ነው የሚውለው፣ ልጄ። የፈለገ ያነሳዋል።»

የሙዚየሙ ኃላፊ ከኮሎኔሉ ጋር ምን እንዳጣላው ሲጠየቅ አላንገራገረም። «ኮሎኔሉ ዛሬ ሕዝብ ፊት፣ ይሄ ኮት ያያቶቻችን አይደለም፣ ከባሕር ማዶ ትያትር ቤት በርካሽ የተገዛ ትርፍ ልብስ ነው ሊሉ ነበር። ዕድሜ ልኬን ቅርስ ነው እያልኩ ያስጎበኘሁት ሰውዬ የት ልግባ?»

የኮሎኔሉ የወንድም ልጅ፣ ሰልፉን የሚመራው መቶ አለቃ፣ ዓይኑ ቀልቷል። «እሱ ነው ያሳደገኝ» ብቻ አለ።

ሦስቱንም ከአለቃዋ ጋር ሰብስባ መቀነት አደለቻቸው።

«እስቲ አንዳችሁ ላንዳችሁ እሰሩ።»

ልብስ ሰፊው ለኃላፊው፣ ኃላፊው ለልብስ ሰፊው አሰሩ፤ ዘርፉ በግራ ወረደ። መቶ አለቃው የኢንስፔክተሯ አለቃ ፊት ቆሞ፣ እንደ ለመደው ቶሎ ቶሎ ቋጠረ። ወይ ጉድ፣ ዘርፉ በቀኝ ተንጠለጠለ።

«ኮሎኔሉ ራሳቸው ታጥቀውት ቢሆን በግራ ይሆን ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «አባባ ሰው ሲያለብሱ ነው የኖሩት፤ ኃላፊውም የሙዚየሙን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ሲያለብስ ነው የሚውለው። ያንተ እጅ ግን የሚያውቀው የራስህን ወገብ ብቻ ነው፣ መቶ አለቃ። ፊት ለፊት ቆመህ ለሌላ ስታስር ወደ ራስህ ግራ ትጥለዋለህ፤ ለሚታጠቀው ቀኝ ነው። ለአጎትህም እንዲሁ አሰርክ።»

መቶ አለቃው ዘርፉን አየ።

«ንግግሩን ተው ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ። ገፋሁት፣ የጠረጴዛ ጠርዝ ማጅራቱን መታው። አባቴን የቀበርነው እኮ እንዲህ ያለውን ኮት አልብሰን ነው። በትያትር ልብስ ሸኘነው ሲባል ቆሜ ልስማ?»

ልብስ ሰፊው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«አጎትህ ስሞት እኔንም በዚሁ ዓይነት ኮት ቅበሩኝ ብለው ባለፈው ሳምንት ልካቸውን ሰጥተውኛል። ከየትም ይምጣ፣ ወንድሜ ከለበሰው ወዲህ የኛ ነው አሉኝ። ንግግራቸውንም በዚሁ ነበር የሚጨርሱት፤ አላስጨረስካቸውም።»

መቶ አለቃው መሬት ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ካቴናውን ያወጣችው ኢንስፔክተር እስኪበቃው ጠበቀችው።