ቀዝቃዛዋ ዕጣ

«ናኦሚ» አለች ኪያ፣ ከኮፍያው ያወጣቻትን ብጣሽ ወረቀት ከፍ አድርጋ። ፓርኪንጉ ላይ የቆሙት ልጆች አጨበጨቡ።

ናኦሚ ሳቀች። ወረቀቷን ስትቀበል ግን አገላብጣ ዳሰሰቻት። ወረቀቷ ቀዝቃዛ ነበረች።

በላስ ቬጋስ ፀሐይ የመኪና በር እጀታ ጣት ይልጣል፤ ወረቀትም ይግላል። ቤተ ክርስቲያኗ በኮሮና ምክንያት አምልኮውን ወደ ፓርኪንጉ ካወጣች ወዲህ ምእመናኑም ስብከቱም እኩል ይጠበሳሉ። ናኦሚ ቀስ ብላ እጇን ኮፍያው ውስጥ ሰደደች። የቀሩት ሁለት ዕጣዎች እንደ ቆሎ ግለዋል።

የተራራው ካምፕ ዘንድሮ የሚቀበለው ጥቂት ልጅ ነው። አንድ ቦታ ቀርቶ ናኦሚ፣ ያፌትና ስጦታ ሲፈልጓት፣ የወጣቶች መሪው ወንድም ወንድይራድ ዕጣ ይጣል አለ። ኪያ የራሷን ቦታ ቀድማ ስላገኘች «የማታዳላ እጅ» ተብላ አውጪ ሆነች። ይህችው የማታዳላ እጅ ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ በረዶ ከሞላው ኩለር ውሃ ስታድል ነበር።

የናኦሚ አባት አቶ አዱኛ ካዚኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ናቸው። ካዚኖው ተዘግቶ ቤት በዋሉበት ጊዜ፣ «ዕድል ሲስቅልሽ ጥርሱን አትዪ፣ እጁን እዪ» ብለው አስተምረዋታል። እናቷ መዝሙር ቢያስተምሯት ይመርጡ ነበር።

የናኦሚ የታሪክ አስተማሪ ደግሞ ከጥንት ግሪኮች ምክሮች አንዱን እሷ መርጣ፣ በሕይወቷ መቼ እንደጠቀማት እንድትጽፍ አዝዟታል። ናኦሚ «ዕድል ሲቀናህ ልክህን እወቅ» የሚለውን የመረጠችው አጭር ስለሆነ ነው። ገጹ ግን እስካሁን ባዶ ነው፤ ዕድል ቀንቷት አያውቅማ።

ኪያን ከአንድ ቫን ጀርባ ጎትታ ወሰደቻት።

«ለምን ቀዘቀዘች?»

«እጄ ርሶ ነበራ። ገርል፣ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?»

«ሌሎቹን አልነካሽም? እነሱ ትኩስ ናቸው።»

ኪያ ግራ ቀኙን አየች። «እሺ፣ ኩለር ውስጥ አቆይቻታለሁ። ላንቺ ብዬ እኮ ነው። ያላንቺ እዚያ ምን አደርጋለሁ? ዝም ብለሽ ጌታ ይመስገን በይ።»

ግሪኮቹ መልካም ምክር ቅዱስ ነገር ነው ይላሉ። ይህችኛዋ የኪያ ምክር ግን ከኩለር የወጣች ናት።

ናኦሚ ወደ ልጆቹ ተመለሰች። ስጦታ ከእናቷ መኪና አጠገብ ቆማ አዲስ የመኝታ ከረጢቷን መልሳ እየጫነች ነበር። እናቷ ሆቴል ነው የሚሠሩት፤ ስጦታ ዓመቱን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ብቻዋን ከስክሪን ጋር ተፋጣ ነው የከረመችው።

«ኮንግራትስ» አለቻት ስጦታ። «የዛፎቹን ፎቶ ላኪልኝ፣ እሺ?»

ነገሩ ገብቷት እየወጋቻት ይሆን? ናኦሚ ፊቷን መረመረች፤ ተንኮል ፈልጋ አጣች። ይህ ደግሞ ባሰ።

ወደ ወንድም ወንድይራድ ሄዳ ወረቀቷን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ከኋላዋ የኪያ ዓይን ማጅራቷን ሲወጋት ይሰማታል።

«ዕጣው ይደገም» አለችው።

«ምነው?»

«የእኔዋ ቀዝቃዛ ናት። በእጅ ትለያለች።»

እሱ ወረቀቷን ዳሰሰ፤ ኩለሩን አየ፤ ከዚያ ኪያን አየ። ሦስት አዳዲስ ወረቀቶች ቆረጠ።

ናኦሚ ስሞቹ ከተጻፉባቸው በኋላ አጣጥፋ መኪና ኮፈን ላይ ደረደረቻቸው። እኩል እስኪግሉ ጠበቀችና ኮፍያው ውስጥ ጨመረቻቸው። ከዚያ በመኪናቸው መስኮት ራሳቸውን በካርቶን ወደሚያራግቡት ወደ እማማ አባይነሽ ወሰደችው።

«እማማ፣ እርስዎ ያውጡልን።»

ኪያ ፊቷን አዙራ ሄደች። ናኦሚ ኮፍያውን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገችው።

እማማ አባይነሽ እጃቸውን ወደ ኮፍያው ሰደዱ። ናኦሚ እጃቸውን አላየችም። ዓይኗን ጨፈነች።