ውሃ የማያስለቅቀው ቅባት

ሟቹ ከመታጠቢያው ገንዳ ሥር ተንበርክኮ፣ ግንባሩን በገንዳው ጠርዝ ላይ ጥሎ ነበር። ቧንቧው አልተዘጋም። ውሃው በሁለቱ መዳፎቹ ላይ ይንዠቀዠቃል።

መርማሪዋ ቧንቧውን ከመዝጋቷ በፊት ጎንበስ ብላ እጆቹን ደጋግማ ተመለከተች። በመሥሪያ ቤቷ «ወንፊት» ይሏታል፤ ሌላው ሰው እንደዋዛ የሚያሳልፈው ነገር እሷ ዘንድ ስለሚቀር። አብሯት የመጣው ሳጅን ትዕግሥቱ አለቀ።

«ምኑን ነው እንዲህ የሚያዩት?»

«ውሃውን። እጁን እኮ አያርሰውም።»

እውነትም ውሃው በሰውየው ቆዳ ላይ አልተዘረጋም። እንደ ዶቃ እየተድቦለቦለ በጣቶቹ መካከል ቁልቁል ይንከባለላል።

ሟቹ የቆዳ ቅባት የሚያመርት የአንድ አነስተኛ ፋብሪካ ባለቤት ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ባለቅባቱ» እያለ ይጠራዋል። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ገንዳ፣ በቃ። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተከፈተ የቅባት ብልቃጥ ተቀምጧል። ቅባቱ ላይ የሁለት ጣት ዱካ ይታያል።

የፖሊሱ ሐኪም ከሬሳው አጠገብ ተነሣ። «የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል። ላብና ምራቅ አጥምቆታል። የፀረ ተባይ መርዝ ይመስለኛል። አፉ ግን ንጹሕ ነው፤ በቆዳው ነው የገባው። ያንን ብልቃጥ ያለ ጓንት እንዳትነኩት።»

የሟቹ ሚስት የሥራ ጋዋኗን እንደለበሰች ማሸጊያው ክፍል ውስጥ አንድ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። የራሷን ሻሽ ፈታ እያጣጠፈች ትዘረጋዋለች፣ መልሳ ታጣጥፈዋለች።

«እጁ ሳሙና አይችልም ነበር» አለች። «ከልጅነቱ ጀምሮ ሳሙና ሲነካው ይቆስላል። ሳሙና የሌለበት ቅባት ካልሠራሁ ብሎ ዕድሜውን የጨረሰውም ለዚሁ ነው። ይቀባል፤ አንድ ነገር በነካ ቁጥር በውሃ ብቻ ይታጠባል፤ መልሶ ይቀባል። ስንቴ ስቄበታለሁ መሰለዎት!»

«ያንን ብልቃጥ ማን ሰጠው?»

«የድሮው ትናንት አልቆበት ነበር። ዛሬ ስንገባ አዲሱን ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ራሱ ያመጣው መስሎኝ አልጠየቅኩም።»

«ዛሬ ማን ቢሮው ገባ?»

ሴትዮዋ ሻሹን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ልጄ።»

«የሁለታችሁ ልጅ?»

«የኔ። ከፊተኛው ባሌ የወለድኩት። ግን ገና ሲድህ ነው እሱ እጅ የገባው። አባት ብሎ የሚያውቀው እሱን ነው።» ድምፅዋ ቀነሰ። «ዛሬ ተጣሉ። ጩኸታቸው እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ ልጄ በሩን ወርውሮ ወጣ።»

ልጁን ያገኙት ግቢው ውስጥ፣ የጭነት መኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነው። ሥራው አትክልት እርሻ ላይ የተባይ መድኃኒት መርጨት ነው። ሳጅኑ ከመኪናው ኋላ አንድ ጣሳ አወጣ፤ የመርዝ ምልክት ተለጥፎበታል።

«መድኃኒቱ የኔ ነው» አለ ወጣቱ። «ለሥራ ነው። ቅዳሜና እሑድ እናቴ ቤት ጓሮ አስቀምጠዋለሁ። ባለፈው ጎደለብኝና ፈሶ ነው ብዬ ተውኩት።»

«እዚያ ቤት ማን ይገባል?»

«ዘመድ ሁሉ ይገባል።»

«ዛሬ ከአባትህ ጋር ያጣላችሁ ምንድን ነው?»

«የቤት ጉዳይ ነው።»

«ሰው ሞቷል እኮ፣ ወንድሜ!»

«ቃል ገብቼለታለሁ። ስለሞተ ቃሌን ልብላ እንዴ?» አለና ፊቱን አዞረ። ዓይኑ ደም መስሏል።

ሳጅኑ መርማሪዋን ወደ ጥግ ወሰዳት። «መርዙ የሱ፣ ጠቡ የሱ፣ ቢሮው የገባውም እሱ። ከዚህ በላይ ምን እንጠብቃለን?»

«አንድ ነገር ብቻ» አለች። «ቅባት እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም።»

የማቀላቀያው ክፍል የሟቹ ታናሽ ወንድም ግዛት ነው። ፋብሪካው ሲከፈት ጀምሮ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው፣ ቅመማውን የሚመጥነው እሱ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል። ነጭ ጋዋኑ ታጥቦ ተተኩሷል።

«ስንቴ ነገርኩት መሰለዎት!» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ጋሼ፣ የሰው ልጅ የሰው ነው አልኩት። እሱ ግን ልቡን ሰጠው። ይኸው፣ መርዝ ብልቃጡ ውስጥ አማሰለበት።»

«ይሆናል። ለመሆኑ ያለ ሳሙና ዘይትና ውሃን እንዴት ነው የምታስማሟቸው?»

የሰውየው ፊት ተፈታ። ብርጭቆ አንስቶ ውሃ ቀዳ፤ ዘይት ጨመረበትና በእጁ ከድኖ ነቀነቀው። ወዲያው ዘይቱ ወደ ላይ ተንሳፈፈ። ከዚያ ከአንድ ባልዲ በጣቱ ቆንጠር አድርጎ ነጭ ዱቄት ጨመረና እንደገና ነቀነቀ። ብርጭቆው ወተት መሰለ፤ እንደ ወተትም ሆኖ ቀረ።

«ሸክላ ነው፤ በጣም የደቀቀ» አለ። «አንዷን ቅንጣት በዓይን አያዩአትም። ዘይትና ውሃ የሚገናኙበት ድንበር ላይ ሄዳ ትቆማለች። አንዴ ከቆመች ደግሞ የሚነቅላት የለም። ሳሙና ሲሆን ይገባል ይወጣል፤ ይሄ ግን ንቅንቅ አይልም። እያንዳንዷን የዘይት ጠብታ እንደ ጥሩር ይለብሳታል። ጠብታና ጠብታ ቢላተሙም ጥሩሩ ስላለ አንድ አይሆኑም።»

«ስለዚህ ዘይቱ ውስጥ፣ ውሃው ውጭ ነው ማለት ነው?»

«በትክክል! ሸክላው ውሃ ይወዳል፤ ውሃው በውጭ በኩል ይሆናል። ለዚህ ነው ቅባታችን በውሃ ብቻ ልቅቅ የሚለው።»

«ዘይት የሚወድ ዱቄት ቢሆንስ?»

ሰውየው የዱቄቱን ባልዲ ከደነ። «ያኔ ይገለበጣል። ውሃው ጠብታ ሆኖ ውስጥ ይታሰርና ዘይቱ ውጭ ይሆናል።»

«እንዲህ ያለ ዱቄት እዚህ አለ?»

«የለም። እጃችንም ገብቶ አያውቅም።»

ብርጭቆውን ሊያለቀልቅ ወደ ቧንቧው ሄደ። ውሃው በኃይል ወርዶ እጅጌው ላይ ተረጨበት። መርማሪዋ እጅጌውን አየች፤ አመስግናው ወጣች።

ሦስቱም የቤተሰቡ አባላት ማሸጊያው ክፍል ውስጥ በተሰበሰቡ ጊዜ ማንም ከማንም ጋር ዓይን ለዓይን አይተያይም ነበር። እናት በአንድ በኩል፣ ልጅ በሌላ በኩል፣ አጎት በሩ አጠገብ። ሳጅኑ ከአጎትየው ጀርባ ቆሟል፤ ለምን እዚያ እንዲቆም እንደታዘዘ አልገባውም።

መርማሪዋ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጓንት አጥልቃለች።

«ይህ ከመደርደሪያው ላይ ያነሣሁት ቅባት ነው።» በማንኪያ ጫፍ ወስዳ የመጀመሪያው ብርጭቆ ውስጥ አማሰለችው። ውሃው ወዲያው ነጣ። «ይህ ደግሞ ከሟቹ ብልቃጥ ነው።» ሁለተኛው ብርጭቆ ውስጥ ያማሰለችው ቅባት አልሟሟም። ተጠቅልሎ፣ ተንሳፍፎ፣ ብቻውን ቀረ። ውሃው ጥርት እንዳለ ነው።

«መልኩም ሽታውም አንድ ነው» አለች። «ግን አንድ ቅባት አይደለም። አንድ ሰው ዛሬ ጠዋት ገብቶ ብልቃጡ ውስጥ መርዝ ቢያማስልበት ኖሮ የቤቱ ቅባት ያው የቤቱ ቅባት ነበር፤ በውሃ ይለቅ ነበር። ይህ ግን ከመሠረቱ በሌላ ዱቄት፣ በማሽን ተመትቶ የተሠራ ነው። በንዴት ገብቶ በንዴት የወጣ ሰው ሥራ አይደለም።»

ወጣቱ ቀና አለ። እናቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ለምን ሌላ ቅባት አስፈለገ? ሟቹ አንድ ነገር በነካ ቁጥር ይታጠባል። የቤቱ ቅባት ቢሆን መርዙ ቆዳው ሳይገባ በውሃ ተጠርጎ ይሄድ ነበር። ገዳዩ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ውሃ የማያስለቅቀው ቅባት ሠራ። ባለቅባቱ ሲያመው ገባው መሰለኝ፤ ወደ ቧንቧው ሮጠ። ሳሙና አላስቀመጠም፤ አይችልማ። ውሃው ቢወርድ ቢወርድ መርዙን አላነሣለትም።»

ሚስቲቱ «ወይኔ» አለች።

«መርዙ ዘመድ ሁሉ ከሚገባበት ጓሮ የጎደለው ነው። ቅባቱን መሥራት የሚችለው ግን ማሽኑን የያዘ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ስለቻለ ብቻ ሰው አላስርም፤ ስለዚህ ጠየቅሁት። ዘይት የሚወድ ዱቄት እዚህ ኖሮ አያውቅም አለኝ።» ወደ አጎትየው ዞረች። «እባክዎ ክንድዎን ይዘርጉልኝ።»

«ለምኑ ነው?»

«ለውሃ ጠብታ።»

ሰውየው አልተንቀሳቀሰም። ሳጅኑ ክንዱን ይዞ ዘረጋው። መርማሪዋ በመጀመሪያ በእናትየው የሥራ ጋዋን ላይ ውሃ ጠብ አደረገች፤ ጨርቁ ምጥጥ አደረገው። ቀጥላ በአጎትየው እጅጌ ላይ ጠብ አደረገች። ጠብታው ድብልብል ብሎ ቆመ፤ ከዚያ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«አጥበዋል፤ ተኩሰዋል» አለች። «ግን ውሃን የሚጠላ ብናኝ በውሃ አይወጣም። ክሩ መሐል ተቀምጧል። ኖሮ አያውቅም ያሉት ዱቄት ይኸውልዎ።»

አጎትየው እጅጌውን እያየ ቀስ ብሎ ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

«ባለቅባቱ!» አለ በመጨረሻ፤ ቃሉን እንደ መራራ ነገር ተፋው። «ቅባቱን ማን ሠራው? እኔ አይደለሁም? እዚህ ማሽን ሥር ፀጉሬ ሸበተ። ስሙ የሱ ሆነ፤ ይሁን፣ ታላቄ ነው አልኩ። ከዚያ ደግሞ ፋብሪካውን ለዚህ ልጅ ሊያወርስ ነው ሲሉ ሰማሁ። የሸክላውን ስም እንኳ ለማያውቅ ልጅ!»

ወጣቱ ተነሥቶ ቆመ።

«ዛሬ ጠዋት የጮኽነው በሱ ነበር» አለ። «ፋብሪካውን ተረከብ አለኝ። አልረከብም አልኩት። የኔ ሥራ መሬት ነው። ዕድሜውን የገበረበት አጎቴ ነው፣ ለሱ ስጥ አልኩት። ተቆጣ። አንተን ብዬ ባሳድግህ ምን ነካህ ብሎ ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ፤ በሩን ወርውሬ ወጣሁ። መኪናው ድረስ ተከተለኝ። እየሳቀ ነበር። ‹እውነትህን ነው፤ ለሱ ነው የሚገባው› አለኝ። ‹ግን አፍህን ዝጋ። ከኔ አንደበት ይስማው።›»

«ውሸት ነው» አለ አጎትየው። ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «ውሸት ነው በይው እንጂ!»

«ዛሬ ምሳ ከኛ ጋር እንድትበላ ጥሪልኝ ብሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «‹ዋርሳሽን የማስደስትበት ነገር አለኝ› አለኝ። ልጠራህ በቢሮው በኩል ሳልፍ ነው ገንዳው ሥር ያገኘሁት።»

አጎትየው አንገቱን ደፋ። ሳጅኑ ሲያነሣው አልታገለም። ጋዋኑን እንዲያወልቅ ነገሩት፤ ቁልፎቹን መፍታት አቃተው። በመጨረሻ መርማሪዋ ራሷ ፈትታ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተተችው። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

እሷ አላየችውም። ሻሿን ራሷ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ልጇን በክንዱ ያዘችው።

«ና» አለችው። «አባትህን ወደ ቤቱ እንውሰደው።»