ኮረብታ የመሰለው ጣሪያ

መርማሪዋ አዳራሹ ወለል ላይ ተንበርክካ፣ ከነአፈሩ የተቆረጠ ሣር በማስመሪያ ትለካ ነበር። ለካች፣ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፣ ሌላ ቁራጭ አነሳች። የሁሉም ውፍረት አንድ ነው፦ ዐሥር ሳንቲሜትር፣ እንደ ጡብ የተስተካከለ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ የአርክቴክቱ ሬሳ በሸራ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ከበላዩ፣ ጣሪያው ላይ፣ በክብ ቀዳዳ ሰማይ ይታያል።

አዳራሹ ለሙዚቃና ለቲያትር የሚሠራ ነው። አርክቴክቱ ከኮረብታው ጎን አስገብቶ ነደፈው፤ ጣሪያውንም ኮረብታው ላይ የሚበቅለውን ሣር አለበሰው። ከላይ የሚሄድ ሰው ኮረብታው የት አልቆ ሕንፃው የት እንደሚጀምር አይለይም። የሚለየው በብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ ብቻ ነው። መስታወቱ እስኪገጠም የእንጨት ክዳን ተደፍቶበት፣ ዙሪያውን አራት ቀይ ችካሎች ተተክለዋል። አርክቴክቱ በየማለዳው ከችካሎቹ በላይ በኩል ብቻውን የመሄድ ልማድ ነበረው። ዛሬ ጠንካራ መሬት ነው ያለውን ሣር ሲረግጥ ወደ ውስጥ ወደቀ። አብሮት የወደቀው ሣር ከሥሩ ስስ ጣውላ ነበረው።

በዚያ ሰዓት የግቢው ቁልፍ ያላቸው ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ናቸው።

«ሣር የሚቆርጠው አንድ ሰው ነው» አለ የመጀመሪያው፣ ሠራተኞቹ «ውሃ ልክ» የሚሉት ፎርማን። «አትክልተኛውን ሽማግሌ በካቴና ውሰዱልንና ወደ ሥራችን እንመለስ።»

«ሟቹን ትወደው ነበር?»

«ማን ይወደዋል? አንዱን ግድግዳ ሦስት ጊዜ አስፈርሶኛል። ‹ድንጋዩን አስኮርፈኸዋል› እያለ! ድንጋይ ያኮርፋል? ሦስተኛው ላይማ ያኮረፍኩት እኔ ነኝ።»

ሁለተኛው፣ ሽማግሌው አትክልተኛ፣ ከፖሊሱ አጠገብ ቆሟል።

«ትላንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ፣ አባባ።»

«በሰው ፊት ‹አረም› አለኝ። እኔም ዓይንህን ላፈር አልኩት። የተራገመ ሁሉ ገዳይ ከሆነ፣ ልጄ፣ እዚህ ግቢ ንጹሕ ሰው አታገኚም። ግን እኔን ነው የምትወስዱኝ፤ አውቃለሁ። እስር ቤት ልሙት?»

መርማሪዋ አንዱን ቁራጭ ሰጠችው። «የእርስዎ ነው?»

አገላበጠው። «ሣሩ የኔ ነው፤ ከመደቤ የተወሰደ። አቆራረጡ ግን…» ፎርማኑን አየና ዝም አለ። ፎርማኑን ድንገት ሳል ያዘው። መርማሪዋ ዝምታውንም ሳሉንም ልብ አለች፤ አልጠየቀችም።

ሦስተኛው ሰው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የሕንፃው መሐንዲስ ነው። ቢሮው ውስጥ በንድፎች ተከቦ አገኘችው። አላለቀሰም።

«ከወንድምህ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«ጋሼ ከማን ጋር ነው ያልተጣላው? ጣሪያውን የሚሸከም አንድ ቢም ተሰነጠቀ። ‹የሱ ስሌት ስህተት ነው› ብሎ ለሙያ ማኅበሩ ጻፈ። የዛሬ ሳምንት ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዠቱን በእግሩ ያቆምኩለት እኔ!»

«ስህተት ነበረው?»

«ዐሥራ አንድ ጊዜ ደግሜ ሠራሁት። ስህተት አጣሁበት።» ንድፉን ገፋ አደረገው። «የራስን ስህተት ፈልጎ ማጣት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ጣሪያው ላይ ትወጣለህ?»

«ምን ላደርግ? ሣር ልጋጥ? የኔ ሥራ ወረቀት ላይ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ጣሪያው ወጣች። ከቀይ ችካሎቹ ሦስት እርምጃ ዝቅ ብሎ፣ ሣሩ ውስጥ አራት ትንንሽ ጉድጓዶች አገኘች። በመሐላቸው ሣሩ ክብ ሆኖ ተጨፍልቋል። ሦስቱንም አስጠራቻቸው።

«ገዳዩ ክዳኑንና ችካሎቹን እዚህ አዛወረ» አለች። «እውነተኛውን ቀዳዳ በስስ ጣውላና በሣር ሸፈነ። ሟቹ እንደ ልማዱ ከችካሎቹ በላይ ሲያልፍ ወደቀ። ከዚያ ችካሎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ክዳኑም ከቀዳዳው ጎን ተጣለ። የተጨፈለቀው ሣር ግን ቀና አላለም።»

«ታዲያ ሽማግሌው ነዋ!» አለ መሐንዲሱ።

«እንይ። እዚህ ጣሪያ ላይ ያለው አፈር ውፍረቱ ስንት ነው?»

«ዐሥር ሳንቲሜትር። ያሰላሁት እኔ ነኝ።»

«አባባ፣ እስቲ አንድ ቁራጭ ያውጡልኝ።»

ሽማግሌው አመነታ። ፎርማኑ አቀረቀረ። አካፋው ገባ፣ ሣሩ ወጣ። መሐንዲሱ ማስመሪያውን ከመርማሪዋ እጅ ነጥቆ ራሱ ለካ። ዐሥራ አምስት።

«በዐሥር ሣሩ ሥር አይሰድም» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ። «ብነግራቸው ቆዳዬን ይገፉኝ ነበር። አፈሩን የሚይዘውን ጠርዝ በድብቅ ከፍ ያደረገልኝ ይሄ ፎርማን ነው።»

«እኔ ላይ ደፍድፈው እንግዲህ!» አለ ፎርማኑ።

«ይጠቅምሃል» አለችው መርማሪዋ። «እናንተ ሁለታችሁ ዐሥራ አምስት መሆኑን ታውቃላችሁ። የሚያውቅ ሰው ወጥመዱን በዐሥር አይሸፍንም፤ ከዙሪያው ዝቅ ብሎ ያስታውቅበታላ። ይህን የሸፈነው ሰው ግን ሣሩን አስቀድሞ በልክ ቆርጦ መጣ፤ ጉድለቱን ሲያይ ሌላ ለመቁረጥ ጊዜ አልነበረውም። ረጅሙ ሣር ይሸፍንልኛል ብሎ ተወው። ልኩን ከወረቀት ነው የወሰደው። ከሦስታችሁ ወረቀቱን ያመነ አንድ ሰው ነው።»

መሐንዲሱ አልካደም። ማስመሪያውን እያየ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ያሰላል።

«አምስት ሳንቲሜትር… ውሃ የጠጣ አፈር… በካሬ ዘጠና ኪሎ…» ቀና አለ። «ቢሙን የሰነጠቀው ይሄ ነው። ስሌቴ ልክ ነበር።»

ማስመሪያውን ወረወረው።

«ልክ ነበርኩ!» ሽማግሌው ላይ ጮኸ። «አንድ ቃል! አንድ ቃል ብትተነፍስ ጋሼ ዛሬ…» አልጨረሰውም።

«እኔ ምን ላውቅ» አለ ሽማግሌው። «ሣሩ እንዳይሞት ብዬ ነው።»

ፖሊሱ መሐንዲሱን ይዞ ቁልቁል ወረደ። መርማሪዋ ተከተለች።

«ይሄ ሁሉ አፈር እኮ ሊነሳ ነው» አለ ፎርማኑ። «ምን ያደርግልሃል?»

ሽማግሌው ያወጣውን ሣር ወደ ጉድጓዱ መለሰ። ዳር ዳሩን በጣቱ አሟላ፣ በተረከዙ ጠቀጠቀው፤ የተቆረጠበት ቦታ ጠፋ። አካፋውን ሣሩ ላይ አጋደመው።